ገላውን የታጠበው ፕሪንተር

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ወረቀት የሚገልጠው አውራ ጣቱን ልሶ ነው። ለአመል ያህል ነካ አድርጎ አይደለም። ምላሱን አውጥቶ ጣቱን ከሥር እስከ ጫፉ ያረጥበውና የሰው የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ጣቱ ከወረቀቱ ሲላቀቅ ጠጭ የምትል ድምፅ አለች። ያቺን ድምፅ ስሰማ ፊቴን አዞራለሁ።

እኔ ደግሞ በቀላሉ የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ትውከት እጠርጋለሁ፣ ደም አጥባለሁ፣ ማንም ሊያየው የማይፈልገውን ባልዲ ተሸክሜ ወጥቼ፣ እጄን በደንብ ታጥቤ ተመልሼ ምሳዬን እበላለሁ። የታመመ ሰው ቆሻሻ አያስጠላኝም፤ ወዶ አላመጣውም። እኔን የሚያስጠላኝ እያወቀ የሚያቆሽሽ ሰው ነው።

የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ማንበብና መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ወረቀት የሚባል ነገር ሁሉ እየጎተተ ወደዚህ ሰውዬ ይወስደኝ ነበር። የምሰጠውን ወረቀት ተሰልፎ በቆመው ሰው ፊት ጮክ ብሎ ያነበዋል። አንድ ጊዜ የማህፀን ምርመራዬን ውጤት እንደ ዜና አንብቦታል። ፊርማ ሲያስፈልግ ሳይጠይቀኝ እጄን ይይዝና አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ይጫነዋል። ከዚያ የማሽኑን መስታወት በሚወለውልበት ጨርቅ ጣቴን ይጠርግልኛል። በዚያው ጨርቅ አፍንጫውን ሲጠርግም አይቼዋለሁ። መስታወቱ ላይ ፀጉር አለ፣ የደረቀ የሻይ ጠብታ አለ፣ ምን እንደሆነ ልጠይቅ ያልደፈርኩት ቢጫ ነገር አለ። ያ ቢጫ ነገር በልጄ የክትባት ካርድ ኮፒ ላይ እንደ ጥቁር ደመና ወጥቶ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ባለቤቴ ለቤታችን ፕሪንተር እንግዛ ሲል ከሁሉ ቀድሜ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። የሚያትምም ስካን የሚያደርግም ነው፤ ክዳኑን ሲያነሱት ንጹሕ መስታወት አለው። ገመድ ሳይዘረጋለት ከላፕቶፑ ጋር በዋይፋይ ይገናኛል። ሳሎኑ ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዳንቴል አለበስኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ላዩንም መስታወቱንም በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። ይሳቅብኝ፤ የዚያን ሰውዬ ጣት የማላይበት ዕቃ ነው።

ላፕቶፑ የቤተሰቡ ቢሆንም የሚኖረው ከዋርሳዬ ጋር ነው። ዋርሳዬ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ ቦታው ሲዘጋ ሌላ እስኪያገኝ ብሎ መጥቶ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረ። ቤት ውስጥ የምንጠራው ስብሰባ እያልን ነው። ስሙን ያወጣችለት ልጄ ናት። በኢንተርኔት ሥራ እየሠራሁ ነው ይልና የክፍሉ በር እጀታ ላይ ቀይ ፎጣ ይሰቅላል፤ ፎጣው ተሰቅሎ ማንም አይገባም፣ ማንም ድምፅ አያሰማም፣ እኔም መጥረጊያዬን ይዤ በጣቴ እየተራመድኩ አልፋለሁ። ከስብሰባው መሀል ግን አልፎ አልፎ ጎል ይገባል። እሱም ይጮኻል። ልጄም ከሳሎን ሆና «ዛሬ ሊቀመንበሩ አስቆጠረ» ትላለች። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ስለነበር ማንም ተቆጥቶ አያውቅም።

የእሱን ነገር ብዙ ታግሻለሁ። ኦቾሎኒ በጥርሱ እየፈለፈለ ልጣጩን የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ይተፋል። የእግሩን ጥፍር ጠረጴዛው ላይ ቆርጦ እዚያው ይተወዋል። በእስክሪብቶ ክዳን ጆሮውን ይቆረቁርና ክዳኑን መልሶ እስክሪብቶው ላይ ይገጥመዋል፤ እስክሪብቶው ደግሞ የጋራ ነው። የባሌ ወንድም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጥፍሩን ለቅሜ ጣልኩ፣ ለራሴም ሌላ እስክሪብቶ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅሁ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ የሆነ ነገር ልታትም ላፕቶፑን ብታመጣ «ፕሪንተሩ አልተገኘም» አላት። ደጋግማ ሞከረች። ላፕቶፑና ፕሪንተሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አልተገኘም ይላል። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ቃሉን ስሰማ የያዝኩትን ድስት አስቀመጥኩ። በዚያው ጠዋት ጠርጌዋለሁ። ጨርቁን በደንብ ጨምቄው ነበር? መስኮቱን ካጠብኩበት ባልዲ ነበር ያወጣሁት። እያሰብኩት በሄድኩ ቁጥር ጨርቁ በሐሳቤ ውስጥ እየራሰ ሄደ፤ በመጨረሻ ውሃ የሚያንጠባጥብ ሆኖ ታየኝ።

እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ወጥቼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ውሃ አስገብቼበታለሁ አልኩ።

ባለቤቴ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ፕሪንተር እኮ ገላውን አይታጠብም» አለኝ። እሳት እንዳያስነሳ ብሎ ቶሎ ከሶኬቱ ነቀለው። ስብሰባ ከክፍሉ ብቅ ብሎ ላፕቶፑን አየ፣ እኔን አየ። ብዙ ውሃ ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንጃ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ላፕቶፑን ብብቱ ስር አድርጎ ተመልሶ ገባ። ፎጣውንም ሰቀለ።

ከዚያ ወዲያ የቤታችን ቀልድ እኔ ሆንኩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስብሰባ ሻዩን አስቀምጦ፣ እትዬ ፕሪንተሩን እንዴት ገላውን እንዳጠበችው፣ ጀርባውን እንዳሸችው፣ በፎጣ እንዳደረቀችው እያስመሰለ ያወራል። እንግዳው ይስቃል። ባለቤቴ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ሳቁን እንደ ቅጣት ተቀበልኩት። ፕሪንተሩን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዬ ስር ከተትኩት። ወረቀት ሲኖረን እንደገና ወደዚያ ጣት ላሽ ሰውዬ መሄድ ጀመርኩ።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ልጄን የነርስነት ትምህርት ቤት ተቀበላት። እኔ በምጠርገው ኮሪደር ነጭ ለብሰው ከሚመላለሱት አንዷ ልትሆን ነው። ትምህርት ቤቱ የወላጅ ስምምነት ወረቀት ላከላት፤ ወላጅ በእጁ ፈርሞበት፣ በስካነር ተነሥቶ፣ አርብ ቢሮ ሳይዘጋ በኢሜይል መድረስ አለበት። ካልደረሰ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ይህንን በወፍራም ፊደል ጽፈውታል። ራሴ አነበብኩት፤ ሦስቴ ተመላልሼ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ይላል።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ ነበር። የምፈርመው እኔ ሆንኩ። የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ ፊርማ ስታለማምደን ሌሎቹ ጠመዝማዛ ነገር አወጡ፤ እኔ ስሜን ጻፍኩ። ፊርማዬ ስሜ ነው፣ ሁሉም ፊደል ይነበባል። ልጄ ወረቀቱን በድሮ ትምህርት ቤቷ ጸሐፊ አሳትማ አመጣችልኝ፤ ሐሙስ ማታ በራሴ እስክሪብቶ ፈረምኩበት። በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችው። አርብ ረፋድ ላይ መልስ መጣ፤ በፎቶ አንቀበልም፣ ጥላ አለበት፣ በስካነር ይነሣ ይላል። ጥላው የእኔ ራስ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወረቀቱ ላይ አርፎ ነው።

ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁና ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤዋለሁ። ሌላ ስካነር ያለበት ቦታ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ነው፤ ደርሼ ብመለስ ቢሮው ይዘጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አላየውም፣ ዓይኔን መስኮቱ ላይ አደርጋለሁ እያልኩ ገባሁ።

ሰውዬው ወረቀቱን ተቀበለኝና እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ፊርማው ጋ ሲደርስ አቆመ። ይሄ የማን ነው፣ ሕፃን ልጅ ነው የጻፈው አለ። የእኔ ነው አልኩት። ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺ በጣት አልነበርሽ?»

ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። እኔ መስኮቱን አየሁ። እሱ ጣቱን ላሰ። ከዚያ ያቺን የረጠበች ጣቱን ይዞ መጣና፣ ይህቺ ፊደል ተጣማለች እኮ ብሎ ስሜ ላይ አሳረፋት። ጠጭ ብላ ተነሣች። የእስክሪብቶዬ ቀለም ውሃ የሚፈራ ዓይነት ነው። ስሜ መሀል ላይ ፈሰሰ። ሰማያዊው ከምራቁ ጋር ተደባልቆ ወደ ግራ ተጎተተ፤ ከሁለት ፊደል በቀር የሚነበብ አልቀረም።

እሱ አልደነገጠም። አይዞሽ፣ እንደ ድሮው በሚቀናሽ እናደርገዋለን አለና የቀለሙን ክዳን ከፈተ። በሌላ እጁ እጄን ያዘ። እጁ ሞቃትና የሚጣበቅ ነበር። አንድ ሰው ሻይ ላይ የወደቀ ዝንብ በጣቱ አውጥቶ «አሁን ጠጪው» ያለኝ ያህል ነው የሆነብኝ።

«እጄን ልቀቀኝ» አልኩት።

ለቀቀኝ። ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ጫፍ ይዤ ወጣሁ። ጥግ ላይ ካለው ቧንቧ እጄን ታጠብኩ፤ ትንሽ ሄጄ ሳይጠራ የቀረ መሰለኝና ተመልሼ ደግሜ ታጠብኩ።

ልጄ የቤታችን በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱን አየችው። ዓይኗ ሞላ። ይህች ልጅ እንዳላዝን ስትል ሁልጊዜ ለቅሶዋን ታስቀራለች፤ እንደዚያ አደረገች። አሁን ወረቀቱ እንደገና መታተም አለበት፣ እንደገና መፈረም አለበት፣ ስካን መደረግ አለበት። ሰዓቱ ይሄዳል። ወደዚያ ሰውዬ ከምመለስ የክሊኒኩን ባልዲ በጭንቅላቴ ብሸከም ይሻለኛል።

መኝታ ቤት ገብቼ በሆዴ ተኛሁና ፕሪንተሩን ከአልጋው ስር ጎተትኩት። ፌስታሉ አቧራ ለብሷል። ልጄ ምን ልታደርጊ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ በላይ አይሞትም አልኳት። ሳሎን ወስጄ ሶኬት ውስጥ ሰካሁትና ፊቴን አዞርኩ፤ የሚፈነዳ መስሎኝ ነው። አልፈነዳም። አረንጓዴ መብራት በራ። እንደ ጉንፋናም ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ወዲያ ወዲህ አለ፣ ጸጥ አለ።

ልጄ ስልኳን አወጣች። ጥቂት ስትነካካ ቆይታ ቀስ ብላ «እማዬ፣ አገኘው» አለችኝ።

የስምምነቱን ወረቀት ከስልኳ ላከችው። ወረቀቱ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ስነካው ሙቀት አለው። ምንም ጥላ፣ ምንም ቢጫ ነገር የለበትም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝና ደስታዬ ቆመ። ይህ ዕቃ ደህና ከሆነ ያን ቀን ምን ሆኖ ነው?

ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። እስክሪብቶዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ላቤ እንዳይነካው መዳፌ ስር ጨርቅ አድርጌ ስሜን ጻፍኩ። ካለፈው የተሻለ ሆነ። የተጣመመችው ፊደል አሁንም ትንሽ ተጣማለች፤ ትጣመም።

ስካን ለማድረግ ግን ፕሮግራሙ ያለው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው። የስብሰባ በር ላይ ቀይ ፎጣው ተሰቅሏል። ከውስጥ የጨዋታ አስተላላፊ ድምፅ ይሰማል። አንኳኳሁ። ስብሰባ ላይ ነኝ እትዬ አለ። ፎጣውን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና በሩን ከፈትኩት። ፎጣው ተሰቅሎ በሩን ስከፍት የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽታው ተቀበለኝ። የካልሲ ሽታ፣ የታፈነ ትንፋሽ ሽታ፣ ብርጭቆ ውስጥ የሻገተ ወተት ሽታ። አልጋው ላይ ልጣጭ፣ ትራሱ ላይ ልጣጭ። እሱ ጋደም ብሎ ላፕቶፑን ሆዱ ላይ አስቀምጧል፤ ኦቾሎኒው ደረቱ ላይ ነው። ልጄ ነገሩን ነገረችው፤ ቢሮው ሊዘጋ ነው፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ስጠኝ አለችው። የመጀመሪያው አጋማሽ እስኪያልቅ ጠብቁ አላት። ቆመን ስንቀር ጊዜ ተነፈሰና ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋው፤ ጨዋታውን ግን እንዳትዘጊው አለ። እሷም ጨዋታውን ጥግ ላይ አሳንሳ ስካን ለማድረግ ሞከረች።

ፕሪንተሩ አልተገኘም።

ታዲያ ውሃው ግማሹን ገድሎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ማተሚያው ተርፎ መስታወቱ ሞቶ ይሆናል፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ጨርቅ፣ የልጄ ቦታ ሊሄድ ነው። ልጄ ግን ፊቷን አኮሳትራ ስልኬ አሁን አግኝቶት የለም እንዴ አለች። ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። ታች ጥግ ላይ ጋሻ የምትመስል ትንሽ ምልክት አለች፤ ጣቷን እሷ ላይ አደረገች።

«አጎቴ፣ ይሄ ቪፒኤን ነው?»

እሱን አትንኪ አላት ቶሎ ብሎ።

ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ልጄ ነገር ስታስረዳኝ ቶሎ ይገባኛል፤ ዋሻ በይው እማዬ አለችኝ። ላፕቶፑ የሚልከውና የሚቀበለው ሁሉ በዚያ ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ የዋሻው መውጫ ሌላ አገር ነው። አገራችን የማይታይ ጨዋታ የሚያየው ለዚህ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው መስሎ ነው። ዋሻው ውስጥ ሆኖ ግን አጠገቡ ያለውን ፕሪንተር አያየውም።

ከዚያ ዋርሳዬ ዓይኑን ከጨዋታው ሳያነሣ ተናገረ። በጣም ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው።

«እሱ እያለ ፕሪንተሩ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ካጠፋችሁት ግን ጨዋታው ይቋረጥብኛል፤ መልሶ ለመግባት ስንት ጣጣ አለው። አጋማሹ ይለቅና አጠፋላችኋለሁ አልኩ እኮ።»

አውቃለሁ አለ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ቃሉን በአፌ ውስጥ አገላበጥኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አልኩት።

አንድ ኦቾሎኒ ፈለፈለ። ከጫንኩት ቀን ጀምሮ አለ። የጫንኩት ያን ቅዳሜ ነው አለ።

«ታዲያ እኔ ውሃ አስገብቼበት ነው ስል?»

«ውሃ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ እትዬ። እኔ አላልኩም። እኔ ዝም ነው ያልኩት።»

ይህን ብሎ የጣቱን ጨው ላሰ። ከሥር እስከ ጫፍ። ዓይኑንም ወደ ጨዋታው መለሰ።

ክሊኒክ ውስጥ አንድ ጊዜ ብዙ ቀን የተዘጋ ቁስል ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ያልመጣብኝ ትውከት የዋርሳዬ ክፍል ውስጥ መጣብኝ። እንግዶቹ ፊት ቆሞ ጀርባውን አሸችው፣ በፎጣ አደረቀችው ሲል ያውቅ ነበር። እኔ አብሬ ስስቅ እያየኝ ያውቅ ነበር። ወረቀት ይዤ ወደዚያ ሰውዬ ስሄድ በመስኮት እያየኝ ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ሊጎዳኝ ፈልጎ ቢሆን ሰው ነው እል ነበር። አንዲት ምልክት ለመንካት ሰንፎ ነው። ዝምታው ከዚያ ጣት ይልቅ እርጥብ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

ልጄን አጥፊው አልኳት።

እጁን ዘረጋ። «እጅህን አንሣ» አልኩት። ያጠብኩት ወለል ሳይደርቅ በጫማ ሊያልፍ ለሚመጣ ሰው የማወጣት ድምፅ አለችኝ፤ ዶክተሮችም ይቆሙላታል። እጁን አነሣ። ልጄ ምልክቷን ነካች። ጨዋታው አፉን በከፈተ አንድ ተጫዋች ፊት ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ወዲያው፣ ማንም ሳይጠራው፣ የፕሪንተራችን ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ።

ወደ ሳሎን ሄድኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። መስታወቱ ላይ የፌስታሉ አቧራ አርፏል። ጨርቅ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጠረግሁት፤ ስብሰባ በሩ ላይ ቆሞ እያየኝ ነበርና ሳልቸኩል ጠረግሁት። ካደረቅሁ በኋላ ወረቀቱን አስተኛሁት። ብርሃኑ ከስሩ አለፈ። ልጄ ላፕቶፑን አዞረችልኝ፤ ስሜ ስክሪኑ ላይ ትልቅ ሆኖ፣ ከነተጣመመችው ፊደሉ፣ ተቀምጧል። ላከችው።

መልስ እስኪመጣ ላፕቶፑን አልመልስም ብዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ልጣጩን ከቁልፎቹ መሀል በጥፍሬ እያወጣሁ ጠበቅሁ። ስብሰባ ሁለት ጊዜ መጥቶ አለቀ ወይ አለ። ቆይቶ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አነበበችልኝ፤ ወረቀቱ ደርሶናል፣ ምዝገባሽ ተጠናቋል ይላል። አላመንኳትም። ራሴ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ሳምኳት፤ ያን ጊዜ ነው ያስቀረችውን ለቅሶ ያለቀሰችው።

ስብሰባ ላፕቶፑን ሲቀበለኝ ያለው አንድ ነገር ነው፤ ጎል አምልጦኛል አለ።

ባለቤቴ ሲመለስ ነገርኩት። እሱ ልጅ ነው፣ ተይው አለኝ። ልጁ ጢሙ መሸበት ጀምሯል። ደግሞም ባለቤቴ ሲናገር ወደ እኔ አላየም፤ እሱም በዚያ ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሳቀ አስታውሶ ይመስለኛል። ማታ ራት ላይ ስብሰባ እንደ ወትሮው እጁን ወደ ጋራ ሳህኑ ዘረጋ። ተነሥቼ የራሱን ሳህን አመጣሁለት፤ ብርጭቆም ለየሁለት። ምነው እትዬ፣ በሽተኛ አደረግሽኝ አለ። በሽተኛ ቢሆንማ አብሬው እበላ ነበር።

ቀዩን ፎጣ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ቀለሙ ለቀቀ፤ አሁን የወለል ጨርቅ ነው።

ልጄ ትምህርቷን ጀመረች፤ ወረቀት ስትፈልግ ከስልኳ ትልክልኛለች፣ እኔ አትሜ አቆይላታለሁ። ፕሪንተሩን ወደ መኝታ ቤቴ አስገባሁት። ዳንቴሉን መለስኩለት። ቅዳሜ ቅዳሜም እጠርገዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ስብሰባ ለሥራ ተጠርቶ ኖሮ ከክፍሉ ሆኖ ጮክ ብሎ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ፕሪንተሩ አልተገኘም ይለኛል።»

ለቃለ መጠይቅ የሚይዘው ወረቀት ነበር፤ ልብሱን ለብሷል፣ ጫማውን ጠርጓል፣ ቸኩሏል። ለካ ያቺን ጋሻ ረስቷታል። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ድስት እያጠብኩ ነበር። ውሃ ገብቶበት ይሆናል ልለው ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣ። ዝም ማለትም እችል ነበር፤ ዝምታ ምንም አይጠይቅም። ውሃውን እንደከፈትኩ ቆየሁ። እሱ ውስጥ ሆኖ ቁልፍ ሲደበድብ፣ ሲራገም ይሰማኛል። ዝምታዬ በአፌ ውስጥ ጣዕም አወጣ። አውቀው ነበር ጣዕሙን፤ ሞቃትና የሚጣበቅ ነው።

እጄን ታጠብኩና «ጋሻዋን አጥፋት» አልኩት።

ወረቀቱ መኝታ ቤቴ ውስጥ ወጣ። አንሥቼ አቀበልኩት። ገጾቹን ለያይቶ ሊያይ ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። አየሁት። ጣቱ ከንፈሩ ጋ ሳትደርስ ቆመች፤ በሱሪው ጠረጋትና ገጾቹን በደረቅ ጣቱ ለያቸው።

አመሰግናለሁ አለኝ። ሲወጣ የያዘውን የበር እጀታ በረኪና በነካ ጨርቅ ወለወልኩት።